ስኳርና ኖራ፤ አንድ ቀን በፔቻቡሪ

የአንድን አገር ታሪክ በዓይኑ ለማየት የተነሣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚገሠግሠው ወደ ዋና ከተማው ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ ታላቁ ሙዚየምና የጀግኖች ሐውልት የሚገኙት በዚያ ስለሆነ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ዋና ከተማ የሚቃጠልበት ዘመን አለ። ዋና ከተማ ሲቃጠል የሕዝቡ የእጅ ጥበብና ትዝታ የት ይጠለላል? ታይላንድ ለዚህ ጥያቄ ከምትሰጣቸው መልሶች አንዷ ትንሽ የክፍለ ሀገር ከተማ ናት፤ ስሟም ፔቻቡሪ ይባላል።

ፔቻቡሪ ከባንኮክ በስተደቡብ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስሟ የሚጠራውን ወንዝ ግራና ቀኝ ይዛ የተቀመጠች ከተማ ናት። «ፔት» አልማዝ፣ «ቡሪ» ከተማ ማለት ሲሆን ሁለቱም ቃላት ከሳንስክሪት የተወረሱ ናቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት የመጡ አውሮፓውያን ግን ስሙ ለምላሳቸው ስላልቀናቸው በካርታቸው ላይ «ፒፕሊ» ብለው ጻፏት። በእግር ለሚጓዝ ሰው ከተማዪቱ አትሰፋም፤ ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከገበያ ወደ ወንዝ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። ስለዚህም አንድ ቀን ይበቃታል፤ ቀኑ ግን በችኮላ የተጨናነቀ መሆን የለበትም። ጠዋት ሁለት ገዳማት፣ ቀትር ላይ ምሳ፣ ከቀትር በኋላ አንድ ኮረብታ፣ ወደ ማታ አንድ የኖራ ቅርጽ ማየት ይበቃል። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘውና የፀሐይ ብርሃን በጣሪያው ቀዳዳ የሚወርድበት የካኦ ሉዋንግ ዋሻ ለሌላ ቀን ቢቆይ አይከፋም።

ቀኑን ለሚያቅድ ኢትዮጵያዊ አንድ ቀላል ነገር አለ። በጥንታዊው የታይ ሰዓት አቆጣጠር የማለዳው ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደ ኢትዮጵያው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት በዚያም ጠዋት አንድ ሰዓት ነበር። የዓመቱ ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ የታይ ሕዝብ ዘመኑን የሚቆጥረው ከቡድሃ ዕረፍት ጀምሮ ስለሆነ ከአውሮፓውያኑ በ543 ዓመት ይቀድማል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

መንገዱ

ወደ ፔቻቡሪ ዝግ ብሎ መጓዝ የዛሬ ዘመን ፈሊጥ አይደለም። በታይ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ «ኒራት» የሚባል የግጥም ዓይነት አለ። ገጣሚው ከሚወዳት ተለይቶ በጀልባ ሲጓዝ፣ የሚያልፋቸውን መንደሮች እየጠራ፣ ከእያንዳንዱ የቦታ ስም የናፍቆት ፍቺ እየፈለቀቀ የሚጽፈው ነው። ለሰምና ወርቅ እንግዳ ያልሆነ የአማርኛ አንባቢ የዚህን ጥበብ ጣዕም ለመገመት አይቸገርም፤ የቦታው ስም ሰም ሲሆን ናፍቆቱ ወርቅ ነው። የታይ ሕዝብ ታላቁ ባለቅኔ ሱንቶን ፑ (1786–1855) ከጻፋቸው የዚህ ዓይነት ግጥሞች አንዱ ወደ ፔቻቡሪ የተደረገ ጉዞ ነው። ባለቅኔው ያን ጊዜ የሄደው በቦይና በወንዝ፣ በመቅዘፊያ ነበር።

የምድር ባቡር የገባው በ1903 ነው። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ያሠሩት ወደ ደቡብ የሚያመራው ሐዲድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ከባንኮክ ማዶ ካለው ከቶንቡሪ ተነሥቶ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ያበቃው በፔቻቡሪ ነበር። ዛሬም ቢሆን በአውቶቡስ ፈጥኖ መድረስ ሲቻል ባቡሩን የሚመርጥ መንገደኛ ሦስት ሰዓት ያህል በመስኮት ዳር ተቀምጦ የሩዝ እርሻን፣ የጨው ኩሬንና በየእርሻው ድንበር ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ረጃጅም ዘንባባዎችን ሲያይ ይቆያል። እነዚህን ዘንባባዎች ልብ ሊላቸው ይገባል፤ የከተማዪቱ ምሥጢር በእነርሱ ላይ ተንጠልጥሏልና።

ጠዋት፤ ከቃጠሎ የተረፈው

ፔቻቡሪ ጥንታዊት ናት። በካምቦዲያ አንግኮር በሚገኘው በፕሪያ ካን ቤተ መቅደስ የቆመው የ1191 ጽሑፍ ንጉሥ ጃያቫርማን 7ኛ የቡድሃ ምስል ከላኩላቸው ከተሞች መካከል «ጃያቫጅራፑሪ» የምትባል አንዲት ከተማ ይጠቅሳል፤ ብዙ የታሪክ ሊቃውንትም ይህች ፔቻቡሪ እንደ ሆነች ይስማማሉ። ቀዳዳ በበዛበት ቀይ ድንጋይ የተሠራው የካምፔንግ ሌንግ ገዳም ግንብ የዚያን የክመር ዘመን ምስክርነት ይዞ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ይሁንና ከተማዪቱ ያበበችው በአዩታያ መንግሥት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ የሕንድና የፋርስ ነጋዴ፣ የፈረንሳይም መልእክተኛ፣ የማላካን ወሽመጥ መዞር ሲያታክተው በመርጉይ ወደብ ወርዶ ቀጭኑን የምድር ልሳን በየብስ ያቋርጥ ነበር። በማዶው ባሕር ዳር ከደረሰ በኋላ ወደ ዋና ከተማው ሲያቀና የሚያርፍባት ከተማ ፔቻቡሪ ነበረች። ስለዚህም የዓለም ፊት ሁሉ በጎዳናዋ አልፏል።

ይህን ለማየት ወደ ኮ ኬው ሱታራም ገዳም መግባት ነው። በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል የተሣለበት ዓመት ተጽፎበታል፤ በቡድሃ አቆጣጠር 2277፣ ማለትም 1734 ነው። ሠዓሊው ግድግዳውን በሾጣጣ ሐውልቶች ከከፋፈለ በኋላ በመካከላቸው በቀረው ቦታ የቡድሃን የሕይወት ታሪክ ሥሎበታል። ከቅዱሳኑ መካከል ግን ባርኔጣ የደፋ አውሮፓዊና ጥምጥም የጠመጠመ የምዕራብ እስያ ሰው ብቅ ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ሠዓሊው በወንዙ ዳር ሲወርዱና ሲወጡ ያያቸው እንግዶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ሃይማኖታዊ ሥዕል ሲሠራ ጎዳናውንም አብሮ መዘገበ።

ከዚያ ሩቅ ያልሆነው ያይ ሱዋንናራም ገዳም ደግሞ ሌላ ዓይነት ጸጥታ አለው። በጸሎት ቤቱ ውስጥ በስተግራና በስተቀኝ፣ የሰማይ ፍጥረታት በረድፍ በረድፍ ተንበርክከው ፊታቸውን ወደ ቡድሃ ምስል መልሰዋል። ቀለማቸው በዕድሜ ብዛት ደብዝዟል፤ እዚህም እዚያም ልስኑ ተልጧል። ነገር ግን ጠጋ ብሎ ላያቸው ሰው ሁሉም አንድ ፊት አይደሉም፤ አንዱ ፈገግ ይላል፣ ሌላው ይተክዛል፣ ሦስተኛው ወደ ጎረቤቱ የሚያይ ይመስላል። በታይላንድ ውስጥ እስካሁን ከቆዩት የግድግዳ ሥዕሎች እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት መካከል ይቆጠራሉ።

በግቢው ውስጥ በሙሉ ከቲክ እንጨት የተሠራ ረጅም የስብከት አዳራሽ አለ። ከ1703 እስከ 1709 የነገሡት «የነብሩ ንጉሥ» የሚባሉት የአዩታያ ገዥ ለመምህራቸው ለገዳሙ አበምኔት የሰጡት ነው ይባላል። ስለዚሁ አበምኔት የከተማው ሰው የሚያወራው ተረት አለ። የፔቻቡሪ ድኻ ልጅ ሳሉ ወደ አዩታያ ሄደው በወንዝ ሲዋኙ፣ በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ የሐብሐብ ቅርፊት ከረኃብ ብዛት አንሥተው በሉ፤ ጓደኞቻቸውም «ሐብሐብ» ብለው ሰየሟቸው። ልጁ አድገው የንጉሥ መምህር ከሆኑ በኋላም ያው ስም አልለቀቃቸውም። ሕዝብ ታላላቆቹን በረኃባቸው ስም ሲጠራ ለማዋረድ ብሎ አይደለም፤ ከየት እንደ መጡ እንዳይረሱ ነው።

በዚህ አዳራሽ ደጃፍ ላይ፣ በወርቅ በተለበጠው የተፈለፈለ መዝጊያ ላይ፣ አንድ የተሰነጠቀ ቦታ ይታያል። የበርማ ወታደር በመጥረቢያ የመታው ነው ይላሉ። ስንጥቁን ያደረገው ማንም ይሁን ማን፣ ምልክትነቱ ግን እውነት ነው። በሚያዝያ 1767 የበርማ ጦር አዩታያን ያዘ፤ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የኖረችው ዋና ከተማም ተቃጠለች። ቤተ መንግሥቶቿ አመድ ሆኑ፤ የቤተ መቅደሶቿ ሥዕሎች ጣሪያቸውን አጥተው በዝናብ ታጠቡ፤ መጻሕፍቷ ከመደርደሪያቸው ጋር ነደዱ። የበርማ ጦር በፔቻቡሪም አልፏል፤ ነገር ግን እነዚህ ገዳማት ተረፉ። ስለዚህ የአዩታያ የእንጨት አዳራሽ ምን ይመስል እንደ ነበር፣ የአዩታያ ሠዓሊ ብሩሹን እንዴት ይይዝ እንደ ነበር ለመረዳት የሚሻ ሰው ወደዚህች ትንሽ ከተማ መምጣት ግድ ይሆንበታል። ዋና ከተማው ያጣውን አውራጃው አስቀመጠው።

ቀትር፤ ከዘንባባ የሚወርደው

ከገዳም የወጣ መንገደኛ ወደ ገበያ ቢዘልቅ ታሪኩን አቋረጠ አይባልም። ፔቻቡሪ በምግብዋ የታወቀች ናት፤ በ2021 የዩኔስኮ የፈጠራ ከተሞች ማኅበር በምግብ ጥበብ ዘርፍ ተቀብሏታል። የዚህ ሁሉ መነሻ በባቡሩ መስኮት የታየው ዘንባባ ነው።

የስኳር ዘንባባ የትዕግሥት ዛፍ ነው። የተከለው ሰው ፍሬውን ለማየት ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ አለበት። ዛፉ ካደገ በኋላም ስኳሩ የሚገኘው በብርቱ ድካም ነው። ሠራተኛው ለመሰላል የቆመውን የቀርከሃ ግንድ አንጓ እየረገጠ እስከ አናቱ ይወጣል፤ የአበባውን ዘንግ ቆንጥጦና አሽቶ ካለሰለሰው በኋላ ጫፉን በስለት ቀጠፍ ያደርገዋል፤ ከሥሩም የቀርከሃ ቀንድ ያንጠለጥላል። ፈሳሹ ሌሊቱን ጠብ፣ ጠብ ሲል ያድራል። ሙቀት ሲነካው ቶሎ ስለሚጎሽ በቀንዱ ውስጥ የመራራ እንጨት ፍቅፋቂ ይጨመርበታል። በማለዳ የወረደው ፈሳሽ በትልቅ ብረት ምጣድ ተጥዶ ሲፈላ ይውልና ወፍሮ ቡናማ ስኳር ይሆናል። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ከዘንባባ አናት መውደቅ ሞት ነውና ወጣቱ በከተማ ሥራ ቢመርጥ የሚፈርድበት የለም።

ከዚህ ስኳር የሚሠራው ዝነኛ ጣፋጭ «ካኖም ሞ ኬንግ» ይባላል። ዕንቁላል፣ የኮኮናት ወተትና የዘንባባ ስኳር ተመትቶ በናስ ትሪ ላይ ይፈስና፣ በጥንቱ አሠራር ከሥሩ ፍም፣ ከላዩም ፍም ተደርጎለት ይበስላል። ድፎ ዳቦ ሲጋገር ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን የሁለት እሳት ጥበብ ሳይነገረው ያውቀዋል። በበጋው ሙቀት ደግሞ «ካኦ ቼ» አለ። የጠምበለል ወገን በሆነ አበባ በሸተተ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረ ሩዝ ሲሆን፣ ከሽሪምፕ ድቁስ ከተድቦለቦለ ጥብስ፣ ከጣፈጠ ዓሣና ከጣፈጠ ፍጅል ጋር ይቀርባል። ምግቡ የሞን ሕዝብ ነው፤ ወደ ከተማው ገበያ የወረደውም በኮረብታው ላይ ከነበረው የንጉሥ ማድ ቤት እንደ ሆነ ይነገራል።

ከቀትር በኋላ፤ ኮረብታው

ያ ኮረብታ ካኦ ዋንግ ነው፤ «የቤተ መንግሥት ኮረብታ» ማለት ነው። ቁመቱ መቶ ሜትር አይሞላም፤ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ግን ከሩቅ ይታያል። በሦስት ጉብታዎቹ ላይ ቤተ መንግሥት፣ ነጭ ሾጣጣ ሐውልትና ቤተ መቅደስ ተሠርቶበታል። ፀሐይ የበረታችበት መንገደኛ በኤሌክትሪክ በሚሳብ ሠረገላ ሊወጣ ይችላል፤ በእግሩ የሚወጣ ግን ምሳውን ከጦጣዎች መጠበቅ ይኖርበታል።

ቤተ መንግሥቱ በ1860 ያሠሩት ንጉሥ ሞንግኩት ናቸው። ስሙም ፕራ ናኮን ኪሪ ይባላል፤ ለዕረፍት የታሰበ ነው። በዚህ ረገድ ንጉሡ ወደ ፔቻቡሪ ለመዝናናት ከሚመጡት የባንኮክ ሰዎች ቀዳሚው ናቸው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ዕረፍታቸው ሥራ ፈትነት አልነበረም። ሞንግኩት ዘውድ ከመጫናቸው በፊት 27 ዓመት በምንኩስና የኖሩ፣ ላቲንና እንግሊዝኛ የተማሩ፣ ከሁሉም በላይ የከዋክብትን ሳይንስ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ የቆመው ክብ ማማ ሰማይን የሚመለከቱበት ነበር። ሕንፃዎቹ የአውሮፓን ዐምድ፣ የቻይናን ጣሪያና የታይን ጌጥ በአንድነት ይዘዋል፤ የዘመኑ ጭንቀትም በዚሁ ቅልቅል ውስጥ ይነበባል። በ1855 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የባውሪንግ ውል የገቢ ዕቃ ቀረጥ ከመቶ ሦስት እንዳያልፍ ወስኖ፣ የእንግሊዝ ዜጎችም በሲያም ዳኛ ፊት እንዳይቆሙ አድርጎ ነበር። ንጉሡ ዙሪያቸው ሁሉ በቅኝ ገዥዎች እጅ ሲወድቅ እያዩ ከሥልጣናቸው ከፍለው ሰጡ፤ አገሪቱ ያን የዳኝነት መብት በሙሉ ለማስመለስ እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ መጠበቅ ነበረባት።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አንባቢ ሌላ ኮረብታ ትዝ ሊለው ይችላል። አፄ ቴዎድሮስ የነገሡት በዚያው በ1855 ነው። ሁለቱም ነገሥታት የአውሮፓን ጥበብ ለሕዝባቸው ተመኙ፤ ሁለቱም ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። የሲያም መልእክተኞች በ1857 በለንደን ተቀባይነት አገኙ፤ ቴዎድሮስ በ1862 የጻፉት ደብዳቤ ግን መልስ አጣ። በሚያዝያ 1868 ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ላይ ሞቱ። በነሐሴ 18 ቀን 1868 ሞንግኩት ራሳቸው አስልተው የተነበዩትን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ የፈረንሳይ ሊቃውንትና የእንግሊዝ ገዥ ባሉበት ከፔቻቡሪ በስተደቡብ በዋ ኮ ተመለከቱ። ስሌታቸው ትክክል ነበር፤ የሥፍራው ወባ ግን አልማራቸውም፤ በጥቅምት 1 ቀን አረፉ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ በጥይት፣ ሌላው በትንኝ ተለዩ። የትኛው መንገድ ይሻል ነበር ብሎ መፍረድ ለተቀመጠ ሰው ይቀላል።

ከማማው ላይ ሆኖ ሜዳውን የሚያይ ሰው አንድ ሌላ ነገርም ማሰብ ይኖርበታል። ይህን ሁሉ ድንጋይና ጡብ ወደ ላይ የተሸከመው ማን ነው? በፔቻቡሪ ዙሪያ ላኦ ሶንግ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በጦርነት ተማርከው ዛሬ ሰሜን ቬትናም ከሚባለው ምድር የመጡ፣ ጥቁር ልብስ በመልበስ የሚታወቁ ናቸው። ለቤተ መንግሥቱ ሥራ ጉልበታቸውን ከሰጡት መካከል እነርሱ እንደ ነበሩ ይነገራል። የንጉሡ ስም ይታወሳል፤ የተሸካሚዎቹ ስም የትም አልተጻፈም።

ማታ፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከኮረብታው ወርዶ፣ ወንዙን ይዞ፣ ወደ ማሃታት ገዳም መሄድ የቀኑ መደምደሚያ ነው። አምስት ነጫጭ ማማዎቹ እንደ ተላጠ የበቆሎ እሸት ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ይታያሉ። መንገደኛው ግን ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ግድግዳዎቹና ወደ መሠረቶቹም ማየት አለበት። አበባው፣ ሐረጉ፣ ክንፍ ያለው ጋሩዳ፣ ምሰሶ የተሸከመው ግዙፍ ፍጡር፣ ሁሉም ከኖራ በእጅ የተሠሩ ናቸው። የፔቻቡሪ የኖራ ሠሪዎች በታይላንድ ሁሉ ዝነኞች ናቸው። አንዳንዶቹ ቅርጾች ደግሞ ፈገግ ያሰኛሉ፤ የመሠረቱን ሸክም ተሸክመው የሚያቃስቱት የተረት ፍጡራን መሆናቸው ቀርቶ በ20ኛው መቶ ዓመት የታወቁ ፖለቲከኞች ናቸው። በ1734 በቅዱሳን መካከል ባርኔጣ የደፋ እንግዳ የሣለው ሠዓሊ መንፈስ አልሞተም። የዘመኑን ፊት በቤተ መቅደስ ላይ መዝግቦ፣ ሹሙንም አሸክሞ፣ ሥራውን ይቀጥላል። ከእነዚህ ጠቢባን አንዱ የሆኑት ቶንግሩዋንግ ኤም ኦት በ2011 የአገሪቱ ብሔራዊ አርቲስት ተብለው ተሰይመዋል፤ ከእርሳቸው በፊት ለነበሩት አብዛኞቹ ግን እንዲህ ያለ ዕውቅና አልደረሳቸውም።

የዚህ ኖራ አሠራር የቀኑን ፈትል ሁሉ አንድ ላይ ይቋጥራል። ኖራውና አሸዋው፣ ከወረቀት ከተገኘ ጭረትና ከቆዳ ከተቀቀለ ሙጫ ጋር በሙቀጫ ይወቀጣል። እነዚህ ብቻ ግን አይበቁም፤ የዘንባባ ስኳር ይጨመራል። ስኳሩ ኖራውን ያለዝበዋል፤ ጠቢቡ ቅርጹን በጣቱ እስኪጨርስ ድረስ ፋታ ይሰጠዋል፤ ሲደርቅም ዝናብን የሚችል ጽናት ይተውለታል። ማለዳ ከዛፍ አናት የወረደው፣ ቀትር ላይ በናስ ትሪ የተጋገረው ያው ጣፋጭ፣ ማታ በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ውስጥ ይገኛል። ዘንባባ ወጪው፣ ስኳር አፍሊዋና ኖራ ወቃጩ የአንድ ሥራ ተካፋዮች ናቸው።

የአዩታያ ትዝታ ለምን በፔቻቡሪ እንደ ተረፈ ከዚህ ይገመታል። ሥዕል በዕድል ሊተርፍ ይችላል፤ በር መጥረቢያውን ሊቋቋም ይችላል። ጥበብ ግን በዕድል አይተርፍም። ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው፣ ሙቀጫው ሥራ ሳይፈታ፣ ዘንባባውም ሳይቆረጥ ሲኖር ነው። ስለዚህ በዚያች ከተማ የሚያስፈራው የመጥረቢያ ምልክት ያለበት በር ማርጀት አይደለም። የሚያስፈራው ወደ ዘንባባ የሚወጣ ሰው የታጣ ዕለት ነው፤ ያን ዕለት ጣፋጩ ከገበያ፣ ኖራውም ከሙቀጫ አብረው ይጠፋሉ።

የመጨረሻው ባቡር ከመድረሱ በፊት መንገደኛው በወንዙ ዳር ጥቂት ቢቀመጥ ጊዜ አባከነ አይባልም። በእጁ የያዘው፣ በወረቀት የተጠቀለለው ጣፋጭ ገና አልቀዘቀዘም።